ከቤት ለመሥራት ኢንተርኔት ስታስገቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከዚራ ሠፈርም ይሁን ሳቢያን፣ ድሬዳዋ ቁጭ ብሎ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ላለ መሥሪያ ቤት ለሚሠራ ሰው ኢንተርኔት የእንጀራ ጉዳይ ነው። ውል ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ልብ በሉ።

ትልቁ ስህተት የዳውንሎድ ፍጥነቱን ብቻ አይቶ መወሰን ነው። ለፊልም እሱ ይበቃል። በቪዲዮ ስብሰባ ግን የእናንተ ድምፅና ምስል የሚሄደው በአፕሎድ ነው። በስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ እንዲያወርድ፣ ጥቂት እንዲልክ ተደርጎ የተሠራ ነው። እናንተ ሁሉንም ጥርት አድርጋችሁ እያያችሁ፣ ሌሎቹ ተሰብሳቢዎች «ድምፅህ እየተቆራረጠ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ «አፕሎዱ ስንት ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። መዳብ ላይ ቤታችሁ ከስልክ ጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። ሠፈራችሁ ፋይበር (በመዳብ ፈንታ በብርሃን የሚሠራው የመስታወት መስመር) ከደረሰ ሳታመነቱ እሱን አስገቡ።

ሜጋቢትን ከሜጋባይት ማምታታትም አለ። 8 ሜጋቢት በሰከንድ ማለት 1 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። በዚህ መስመር 100 ሜጋባይት ፋይል ቢፈጥን ቢፈጥን 100 ሰከንድ ይፈጃል።

ኤዲኤስኤል የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በመስመሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ የስልክ ቀፎ ፊልተር (የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የሚለይ ትንሽ መሣሪያ) ይፈልጋል። ካልተደረገለት ስልኩ ይንጫጫል፣ ኢንተርኔቱም ይቋረጣል።

ራውተሩን ባገኙት ቦታ ማስቀመጥ ሌላው ጥፋት ነው። ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ዋይፋይ ይደክማል። የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ይፈጥናል፣ ግን ግድግዳ ቶሎ ያሸንፈዋል። የ2.4 ጊጋኸርዙ ራቅ ብሎ ይደርሳል። የድሬን ሙቀትም አትርሱ፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ወይም የተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ አታስቀምጡት። የሥራ ላፕቶፓችሁን ግን በኬብል ብታገናኙት ይሻላል።

መጨረሻው መጠባበቂያ አለመያዝ ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይጠፋል። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ባትሪ ግዙ፤ ቮልቴጁ አዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ፋይበር ከሆነ የፋይበሩ ሳጥንም መብራት ይፈልጋል። ሁለተኛ ሲም ካርድ ያዙ፣ እሱም ከሌላው ድርጅት ይሁን። ሳፋሪኮም በ2014 ነሐሴ ላይ ሥራ የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ነውና ምርጫ አላችሁ። የስልካችሁን ሆትስፖት ስብሰባው ሳይደርስ ሞክሩት፤ በእሱ ስትገቡም ካሜራውን አጥፉ፣ ዳታውን የሚጨርሰው ቪዲዮው ነው።