ከገደል መውጣት ክለብ ልጆች ጋ ገደል ላይ ወጥቶ መፎካከር እንዴት ነው (የደሴ ልጆች ይቺን አንብቡ)

መጀመሪያ ቀን ምረጡ፣ ሐምሌና ነሐሴን እርሱት፣ አለቱ ያንሸራትታል ከላይም ድንጋይ ይለቃል፣ በልግ ስላለን መጋቢትና ሚያዝያም ሰማዩን እያያችሁ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አሪፍ ነው ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ጠዋት ጣት ይደነዝዛል፣ ፀሐይ ገደሉን እስክትመታው ሻይ ጠጡ።

የቶሳ (ደሴ አጠገብ ያለው ተራራ) ገደል ሁሉ ለዚህ አይሆንም፣ ባዛልቱ (ከእሳተ ገሞራ የመጣው ጥቁር ድንጋይ) አንዱ ጋ ጠንካራ ሌላው ጋ ፍርክስክስ ነው፣ በመዳፍ መታ መታ አርጉት ባዶ ድምፅ ከሰጠ አትያዙት። ሄልሜት ከታች የቆመውም ያድርግ፣ ዝንጀሮ ድንጋይ ሲለቅብህ ይቅርታ አይልም። የመሬቱን ባለቤት ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

ውድድሩን በሰዓት እንዳታረጉት! ኦሎምፒክ ላይ ያለው የፍጥነት ውድድር 15 ሜትር ሰው ሰራሽ ግድግዳ ላይ ነው፣ እዚህ መሮጥ እብደት ነው። አንድ መስመር ምረጡ፣ ገመዱ ከላይ ሁለት የተለያየ ቦታ ይታሰር፣ አለቱ ላይ በእጅ የሚያዙትን መያዣዎች በቾክ ቁጥር ስጧቸውና ማን ስንተኛው ጋ ደረሰ ብላችሁ ነጥብ ያዙ፣ አዲስ ልጅና የቆየውን አጣምራችሁ ነጥባቸውን ደምሩት፣ እንደዛ ሲሆን ጉልቤው ብቻውን አያሸንፍም።

ጩኸቱ ሲደምቅ ቼክ ማድረግ ይረሳል፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከመነሳቱ በፊት የስምንት ቁጥር ቋጠሮውን (ገመዱን ከቀበቶው የሚያስረውን)፣ የወገብና የጭን መውጫ ቀበቶውን ማጥበቂያና የካራቢነሩን (የብረት ማያያዣ ቀለበቱን) መቆለፊያ ጓደኛው በእጁ ነክቶ ይይ። ገመድ ያዡ ስልክ አይነካም፣ በቃ።

የተሸነፈው ቡድን ቾኩን በብሩሽ አፅድቶ ገመዱን ተሸክሞ ይወርዳል።