የኤግዞስት ማኒፎልድን ሙቀት ሲከልሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቤንዚን ሞተር ጭነት ሲበዛበት ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ በላይ ካለው የሞተር ራስ) የሚወጣው ጭስ ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ያንን ጭስ መጀመሪያ የሚቀበለው ኤግዞስት ማኒፎልዱ ነው። ከጎኑ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሽቦና የጎማ ቱቦ ያልፋል። ስለዚህ ሙቀቱን መከለል ተገቢ ነው። አሠራሩ ከተበላሸ ግን ሽቦ ላድን ብሎ የተነሳ ሰው ማኒፎልዱን ሰንጥቆ፣ ሲብስም መኪናውን ለእሳት አጋልጦ ያርፋል።

የሞተር ሙቀትን ሁሉ ከማኒፎልዱ መቁጠር

የሙቀት መለኪያው ቀስት ወደ ቀይ ሲጠጋ ሙቀት መከላከያ ፋሻ (ማኒፎልዱ ላይ የሚጠቀለል የመስታወት ጭረት ጨርቅ) ገዝተው የሚመጡ አሉ። ቀስቱ የሚያሳየው የማቀዝቀዣውን ውኃ ሙቀት ነው፤ ጥፋቱም የሚፈለገው ከውኃ ማነስ፣ ከቴርሞስታት፣ ከፋን ወይም ከውኃ ፓምፕ ነው። መኪናው ቆሞ ያለ ጭነት እየሠራ ማኒፎልዱ እንደ ፍም ከቀላም ፋሻ መፍትሔው አይደለም። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (የጭሱ ማጣሪያ) ተደፍኖ፣ ታይሚንጉ (ሻማው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ዘግይቶ ወይም ነዳጁ ከአየሩ አንሶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ፋሻ መደረብ ትኩሳት የያዘውን ሰው በብርድ ልብስ መሸፈን ነው።

ካስት አይረን ማኒፎልድን በፋሻ መጠቅለል

በብዛት የማየው ስህተት ይህ ነው፤ የሚያስቆጨኝም እሱ ነው። ካስት አይረን (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ወፍራም ስለሆነ ምንም የማይበግረው ይመስላል። ነገር ግን አንዱ ክፍሉ ግሎ ሌላው ሲቀዘቅዝ መለጠጡና መኮማተሩ እኩል አይሆንም፤ የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው። ፋሻው ወደ አየር ይወጣ የነበረውን ሙቀት ብረቱ ውስጥ ያስቀረዋል። ፍላንጁ (በቡሎን የሚታሰርበት ጠርዝ) ውኃ ከሚያቀዘቅዘው ቴስታታ ጋር ስለተያያዘ ቀዝቀዝ ይላል፣ የተጠቀለለው ክንድ ግን ይፋጃል።

አንድ ጊዜ ለወራት ተጠቅልሎ የቆየ ማኒፎልድ ስፈታ፣ ከፋሻው ሥር ያለው ብረት እንደ ቅርፊት እየተላጠ እጄ ላይ ቀረ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ደግሞ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረበት። ፋሻው ሸፍኖት ማንም አላየውም።

ለካስት አይረን የምመርጠው የላሜራ ጋሻ ነው። በጋሻውና በማኒፎልዱ መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መኖር አለበት፤ ጋሻው ብረቱን ከነካ ሙቀቱ በቀጥታ ይተላለፍበታል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ፈጽሞ ማስነካት አይገባም። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጋሻ ተንኳኳ ተብሎ ተፈቶ ሲጣልም አያለሁ። ብዙውን ጊዜ የላላ ቡሎን ወይም በዝገት የሰፋ ቀዳዳ ነው፤ ሰፋ ያለ ሮንደላ ያስተካክለዋል።

በቀጭን የብረት ቱቦ የተሠራ ማኒፎልድ መጠቅለል ይቻላል፤ ሆኖም ፋሻ እርጥበት ይይዛል። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና ላይ እርጥበቱ በደንብ ሳይደርቅ ስለሚቀር ዝገት ይፈጥናል። ተፈቶ፣ በአሸዋ ግፊት ተጠርጎ የሚቀባ ሴራሚክ ሽፋን ለዕድሜው ይሻላል። በጣሳ የሚረጨው ሙቀት የሚችል ቀለም ግን ለዝገት እንጂ ለሙቀት ከለላ እምብዛም አይረዳም።

የሚያፈስ ነገር ላይ መደረብ

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲያስነሱት ከማኒፎልዱ በኩል "ቲክ ቲክ" የሚል ድምፅ ሰምተው፣ ሲሞቅ ከጠፋ፣ ጋስኬቱ (በመገጣጠሚያው መሃል ያለው ማሸጊያ) ወይም አንድ ስንጥቅ ጭስ ያሳልፋል ማለት ሊሆን ይችላል። በፍላንጁ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ይፈልጉ። ከሚያፈሰው ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል፤ ሽታ የለውም፣ ወደ ተሳፋሪው ክፍል ከገባ ይገድላል።

የዘይት ነገር ደግሞ ከሁሉ ያስፈራኛል። ከቫልቭ ኮቨር (ከቴስታታው ክዳን) ጋስኬት የሚንጠባጠብ ዘይት ባዶ ብረት ላይ ሲወድቅ ይጨስና ያስጠነቅቃል። ፋሻ ላይ ሲወድቅ ግን ይመጠጣል፣ ይጠራቀማል፤ ፋሻውም እንደ ኩራዝ ክር ይሆናል። የሞተር ዘይት ትነት ከ200 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል በነበልባል ሊቀጣጠል ይችላል። መጀመሪያ የሚያፈስበትን ቦታ ያስጠግኑ። ዘይት የጠጣ ፋሻ አይታጠብም፤ ይጣላል።

ሲጠቀልሉ የሚበላሹ ጥቃቅን ነገሮች

ጓንት፣ መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ የፋሻው የመስታወት ጭረት ቆዳና ሳንባ ያስቆጣል። ከአሮጌ መኪና ላይ የወጣ ማንነቱ ያልታወቀ መከላከያ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አይቅደዱት። አንዱ ዙር በሌላው ላይ ወደ 6 ሚሊሜትር ቢደርብ ይበቃል፤ ግማሽ በግማሽ መደራረብ ብረቱን ያፍናል። ማሰሪያው የማይዝግ ብረት ይሁን። ፕላስቲክ ወዲያው ይቀልጣል፤ ዚንክ የተቀባ ሽቦም አይሆንም፤ ዚንኩ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፣ ጭሱም ይጎዳል። የኦክስጅን ሴንሰሩንና ዳዶዎቹን ነጻ ይተዉ።

መጀመሪያ ሲያስነሱ ጋራዥ ዘግቶ መሥራት

አዲስ ፋሻ ሲግል ይጨሳል፤ ጭረቱን የሚያጣብቀው ማያያዣ እየተቃጠለ ነው። መኪናውን ደጅ አውጥተው፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብዎ አድርገው ያስነሱት። ጭሱ እየሳሳ መሄድ አለበት። እየወፈረ ከመጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ ሞተሩን አጥፍተው፣ ሲቀዘቅዝ ፋሻውን ፈተው ይመልከቱ። ሁሉም ደህና ከሆነም ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላ፣ ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ፣ የማኒፎልዱን ዳዶዎች በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) በአምራቹ ልክ ዳግም ይፈትሹ።