የዓሣ ማጥመጃ እርሳሱ ላይ 30 ግራም ይላል፣ እውነት 30 ነው? ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚፈተሽ

ደሴ ሆናችሁ ቅዳሜና እሁድ ሐይቅ ወርዳችሁ በዘንግና በመንጠቆ ዓሣ የምትሞክሩ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። ክሩን ወደታች የሚያወርደው እርሳስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ልክ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም፣ እኔም አልጠይቅም ነበር። ግን ዘንጉ ላይ ከ10 እስከ 30 ግራም ተብሎ ተጽፎ 36 የሚመዝን እርሳስ አስራችሁ በሙሉ ጉልበት ብትወረውሩ ጫፉ ሊሰበር ይችላል። በቡሽ ለሚያጠምድ ደግሞ ግማሽ ግራም እንኳን ለውጥ አለው፣ ቡሹ ወይ ይሰምጣል ወይ ጋደም ይላል፣ ቆሮሶ ስትነካካው አታዩም።

1. ሚዛን። የሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ነው፣ ወርቅ ቤት የምታዩት ዓይነት። የሻንጣ ተንጠልጣይ ሚዛን ለዚህ አይሆንም። የሱቅ ባለ ሁለት ሳህኑም ቢሆን ብረቶቹ ዝገው ወይም ተበልተው ስለሚሆን ለኪሎ ስኳር እንጂ ለ7 ግራም አይታመንም። ስልክን ሚዛን ያደርጋል የሚባለውን አፕ ምናምን ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት።

2. አዲስ ባትሪ፣ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ፣ በርና መስኮት ዝግ። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ሚዛኑን ከፍታችሁ አስር ደቂቃ ያህል ተዉት፣ ዜሮው መንቀሳቀስ ሲያቆም ጀምሩ።

3. ሚዛኑን ራሱን መፈተሽ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሚዛኑ ሲስተካከል 100 ግራም አስቀምጥ ይላል። እኔ የ100 ግራም ማስተካከያ ክብደት አልነበረኝም፣ ስለዚህ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነው ብዬ ከፋርማሲ የ20 ሚሊ ሲሪንጅ ገዛሁ፣ ብርጭቆ አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩና አምስት ጊዜ ቀድቼ 100 ሞላልኝ ብዬ በዛ አስተካከልኩት። ከዛ 30 የሚሉትን እርሳሶች ስመዝን ሁሉም 31.2 አካባቢ ሆኑ። ፋብሪካው አጭበርብሯል ብዬ አስራ አንዱን እየሞረድኩ ሚዛኑ ላይ 30 አመጣኋቸው፣ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። በኋላ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ አንዷን መዝኑልኝ ብላቸው 28.8 አለች። ሌላዋንም ሰጠኋቸው፣ 28.8።

የሆነው እንዲህ ነው። ሲሪንጁ ውስጥ የአየር አረፋ ነበር፣ ስገፋውም የመጨረሻው ውሃ ጫፉ ላይ ይቀር ነበር፣ በዛ ላይ ሲሪንጅ ራሱ ከመቶ እስከ 4 ድረስ ሊሳሳት የሚፈቀድለት ዕቃ ነው። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው 100 ሳይሆን 96 ግራም ያህል ውሃ ነበር፣ እኔ ግን ሚዛኑን ይሄ 100 ነው ብዬ አስተማርኩት። አምስት ጊዜ ስቀዳ ስህተቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል ብዬ ነበር፣ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን የሚሄድ ስህተት ግን ተደጋግሞ አይጠፋም፣ ይደመራል። ውሃ ትልቅ ውሸት ለማወቅ ይሆናል፣ ሚዛኑ 100 ሚሊ ውሃን 80 ግራም ነው ቢላችሁ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ለማስተካከያ ግን በፍጹም አትጠቀሙበት። ክብደቱን ግዙ፣ ካጣችሁ አንድ ድፍን ብረት ወርቅ ቤት አስመዝናችሁ ቁጥሩን ላዩ ላይ ጻፉና ሁልጊዜ በሱ ፈትሹ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ዲጂታል ሚዛን የሚያነበው ዕቃው ወደታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ነን፣ ሁለቱም የምድርን ስበት በትንሹ ይቀንሱታል። ውጭ አገር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ 100 ግራሙን 99.7 ወይም 99.9 ቢላችሁ የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ እዚሁ በ100 ግራሙ እንደገና አስተካክሉት። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ብትመዝኑ ለውጡ በጣም ትንሽ ነው፣ ለእርሳስ አያሳስብም።

4. እርሳሱን አጥባችሁ አድርቁ፣ ክርና ማያያዣ ካለው ፍቱ፣ አንድ በአንድ መዝኑ። አስሩን በአንዴ መዝኖ ለአስር ማካፈል አማካዩን ይሰጣችኋል እንጂ የትኛው እንደተበላሸ አይነግራችሁም። እያንዳንዱን አንስታችሁ መልሳችሁ ሦስት ጊዜ መዝኑና ጻፉ።

ቁጥሩ በምን እንደሆነ ማየት አትርሱ። በአውንስ የሚጻፉም አሉ፣ 1 አውንስ 28.35 ግራም ነው፣ 1/2 ሲል 14.2፣ 1/4 ሲል 7.1። አንዳንዱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የመጠን ቁጥር እንጂ ክብደት አይደለም፣ ግራም ወይም አውንስ ካላለ እሽጉን አንብቡ።

5. ውጤቱን ማንበብ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን፣ በተቀራራቢ ልክ ከሄዱ መጀመሪያ ሚዛኑን ጠርጥሩ፣ የኔዎቹ ሁሉም 31.2 ሲሆኑ ይሄን ባውቅ ኖሮ ሞረድ አላነሳም ነበር። አንዱ 28፣ አንዱ 31፣ አንዱ 33 ከሆነ ግን ጥፋቱ የእርሳሱ ነው። ቀልጦ ሲፈስ ቅርጹ ሳይሞላ ሲቀር ክብደቱ ይጎድላል፣ የፈሰሰበት ጭራ በደንብ ሳይቆረጥ ሲቀር ይከብዳል። ማዕድኑም አለ፣ ጎሚስታ ቤት ከሚገኘው የጎማ ባላንስ አቅልጠው የሚሰሩ አሉ፣ ከሱ ውስጥ አንዳንዱ ዚንክ ነው፣ በአንድ ቅርጽ ውስጥ እርሳስ 30 ግራም ከወጣው ዚንክ 19 ግራም ገደማ ነው የሚወጣው። ለመለየት ወረቀት ላይ አስምሩበት፣ እርሳስ ግራጫ መስመር ይተዋል፣ በጥፍርም ይጫራል፣ ዚንክ ሁለቱንም እምቢ ይላል።

እኔ ከታች ለሚቀመጠው፣ ለአምባዛ ለምጠቀምበት፣ ከመቶ 5 ልዩነት እቀበላለሁ። ለቡሽ ግን ከ0.1 ግራም በላይ ከሳተ አልፈልገውም።

መሞረድ ካለባችሁ፣ እባካችሁ ወጥ ቤት ውስጥና ልጆች ባሉበት አታድርጉት። የእርሳስ ብናኝ መርዝ ነው፣ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። እኔ ያን ሁለት ማታ ሳሎን ውስጥ ነው የሞረድኩት፣ እስካሁን ያናድደኛል። ውጭ ሆናችሁ፣ ጋዜጣ አንጥፋችሁ፣ አርጥባችሁ ሞርዱ፣ ብናኙን ከነጋዜጣው ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ እሰሩት፣ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዳቦ አትንኩ። እርሳሱን ክሩ ላይ በጥርስ ነክሶ ማጥበቅ የለመደ ሰውም ይተው፣ ፒንሳ አለ።

6. እውነተኛውን ክብደት በማርከር ጎኑ ላይ ጻፉና በየመደቡ ለዩ። አስራ አንዱ የተሞረዱት የራሳቸው ቆርቆሮ አላቸው፣ ክዳኑ ላይ 28.8 ብዬ ጽፌበታለሁ፣ ሐይቅ ስወርድ መጀመሪያ የምይዘው እነሱን ነው።