ጥይቱ ሲያስቸግር የምንሠራቸው ስህተቶች

ሾትገን (ብዙ ትንንሽ ፍሬ በአንዴ የሚተኩስ የአደን ጠመንጃ) ይዛችሁ ምላጩን ስባችሁ "ቀጭ" ብቻ ካለ ጠመንጃውን ወዲያው አትክፈቱት። ይሄን ያስቀደምኩት ዓይንና እጅ የሚያሳጣ ስህተት ስለሆነ ነው። ከሸፈ ያልነው ጥይት አንዳንዴ ዘግይቶ ይተኮሳል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ፣ ከቻላችሁ 1 ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ አውጡትና ካፕሱሉን፣ ማለትም የጠመንጃው መርፌ የሚመታውን ከጥይቱ ኋላ ያለ ትንሽ ክብ፣ እዩ። መሀሉ በደንብ ጎድጉዶ ካልተኮሰ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ጫር ብቻ ካደረገው ግን ወይ መርፌው ተበልቷል፣ ወይ ሞላው ደክሟል፣ ወይ ደግሞ ውስጥ ያለው ዘይት ከቆሻሻ ጋር ረግቶ መርፌውን ይዞታል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ሌላ ያጎርሳል፤ እሱም ይከሽፋል።

"ቡፍ" የሚል ደካማ ድምፅን ንቆ ማለፍ ከዚህም ይብሳል። ርግጫው ከወትሮው ከቀለለ ባሩዱንና እርሳሱን የሚለየው የፕላስቲክ ውታፍ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል። ከኋላው ሌላ ጥይት ከተኮሳችሁ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። ጥይቱን በሙሉ አውጡ፣ በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙሩና ከኋላ በኩል ተመልከቱ። ሙሉ ክብ ብርሃን ካልታያችሁ በቃ፣ ሳይጸዳ አይተኮስም።

ሌላው 12 እና 20 ጌጅ ጥይት አንድ ኪስ ውስጥ መቀላቀል ነው (ጌጅ የበርሜል ስፋት መለኪያ ነው፤ 20ው ከ12ቱ ይቀጥናል)። የ20 ጌጅ ጥይት በአብዛኛው ቢጫ የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለ 12 ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ ሸርተት ብሎ ያልፍና በርሜሉ ውስጥ ይወተፋል፤ እናንተ ባዶ መስሏችሁ የ12ቱን ከኋላው ታጎርሳላችሁ። አንድ ቀን አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ያዙ።

ርዝመቱንም እንዲሁ። በርሜሉ ላይ 70 ሚሊሜትር ከተጻፈ 76ቱን አትሞክሩ። የሚያሳስተው ነገር ጥይቱ ላይ የሚጻፈው ርዝመት ከተተኮሰና አፉ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ 76ቱ ሳይተኮስ ሰተት ብሎ ይገባል። ሲተኮስ ግን አፉ የሚዘረጋበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም።

ቀለህ አልወጣ ሲል ጥይቱን ከመስደብ በፊት ጥይቱ የሚቀመጥበትን ክፍል በነሐስ ብሩሽ እሹት። የቀለጠ ፕላስቲክና ጥቀርሻ እዚያ ይጋገራል። ከጸዳ በኋላም የሚይዝ ከሆነ የሌላ ፋብሪካ ጥይት ሞክሩ። ራሱ የሚያጎርስ ጠመንጃ ደግሞ በጣም ቀላል ጥይት ስትሰጡት ቀለሁን ወርውሮ ለማውጣት ጉልበት ሊያጥረው ይችላል።

አሁን ወደ ትከሻ እንምጣ፤ እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ሰው የሚራገጥ ጥይት የተሻለ ይገድላል ብሎ ያምናል። አይደለም። የሚገድለው በቂ ፍሬ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ትከሻውን የፈራ ሰው ደግሞ ምላጩን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንስሳውም ቆስሎ ጫካ ይገባል። አንድ የቆየ ስሌት አለ፦ ጠመንጃው የእርሳሱን ክብደት 96 እጥፍ ይመዝን። 28 ግራም እርሳስ ከሆነ ወደ 2.7 ኪሎ፣ 36 ግራም ከሆነ ወደ 3.5 ኪሎ ጠመንጃ ይፈልጋል። ለመሸከም የሚመች ቀላል ጠመንጃ ይዞ በጣም ከባድ ጥይት መግዛት ራስን መቅጣት ነው። ፍጥነቱም ርግጫ ይጨምራል፤ ክብደቱ እኩል ከሆነ ዝግ የሚለውን ምረጡ። ለትንንሽ ወፍ በ12 ጌጅ 28 ግራም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ግን ሳትፈትኑት አደን አትውጡ። 36 ሜትር ላይ ትልቅ ወረቀት ስቀሉ፣ ተኩሱና ፍሬው በብዛት ባረፈበት ቦታ 75 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ሥሩ። ወፏ የምታመልጥበት ባዶ ቦታ ካያችሁ ቾኩን (የበርሜሉን አፍ የሚያጠበውን ክፍል) ወይም የፍሬውን መጠን ቀይሩ። የብረት ፍሬ ከሆነ መጀመሪያ ጠመንጃው እንደሚችለው አረጋግጡ፤ ለድሮ በርሜልና ለጠባብ ቾክ አይሆንም።

ርግጫ መፍራት አለመፍራታችሁን ለማወቅ ደግሞ ተኩስ ሜዳ ላይ ጓደኛችሁ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ከእውነተኛው ጋር ቀላቅሎ ያጉርስላችሁ። "ቀጭ" ሲል አፈሙዙ ወደ ታች ከደፈቀ፣ ቀለል ያለውን ፓኮ ግዙ።