ሰማያዊ ስክሪን ያስቸገረኝ አዲሱ ላፕቶፕ

ላፕቶፑን የገዛሁት ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ሱቅ ነው። 8 ጊጋባይት ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ነበረው። ባለሱቁ እዚያው ከፍቶ ሌላ 8 ጨመረልኝ።

ቤት ሲገባ ጣጣው ጀመረ። ሥራ መሀል ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ ከዚያ ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ያማከርኩት ሰው ሁሉ "መብራት ነው" ይለኛል። እኛ ሰፈር ለተበላሸ ነገር ሁሉ ተጠያቂው መብራት ነው! ግን በባትሪ ብቻም ይጠፋ ነበር። ሙቀትም አይደለም፤ ጠዋት ከጣና ነፋስ ሲነፍስም ያው ነው።

የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ የሚያሳየው ኢቨንት ቪወር ላይ "ከርነል ፓወር 41" ሞልቷል። በዚህ አትሸወዱ። ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ይነግራል እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። የጠቀመችኝ ሰማያዊው ስክሪን ላይ ያለችው ጽሑፍ ናት፦ "ሜሞሪ ማኔጅመንት"። በስልክ ፎቶ አንሷት፣ ቶሎ ትጠፋለች።

ጽሑፏ ራሙን ስላስጠረጠረችኝ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የራም መፈተሻ፣ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክን፣ አስነሳሁ። ስህተት አገኘ። የትኛው ራም እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ስለዚህ ላፕቶፑን አጥፍቼ፣ ቻርጀሩን ነቅዬ፣ የታችኛውን ክዳን ፈታሁ። ራሙን ግራና ቀኝ የያዙትን ብረቶች ወደ ውጭ ገፋ ሲያደርጓቸው ብድግ ይላል። የተጨመረውን አወጣሁና በነባሩ ብቻ ቴስቱን ደገምኩ፤ ንጹሕ። ችግሩ ራሙ የሚሰካበት ሶኬት እንዳይሆን ብዬ ነባሩን ሁለተኛው ቦታ ላይ ሞከርኩት፤ አሁንም ንጹሕ። የተጨመረውን ብቻውን ሳስገባው ስህተቱ ተመለሰ።

ባለሱቁ "ቫይረስ ነው" ብሎ ድርቅ አለ። ፊቱ ቴስቱን ሳስነሳው ዝም ብሎ ቀየረልኝ። አዲሱን ራም ግን ሳልፈትሸው ከሱቁ ንቅንቅ አላልኩም።