ለገደል ማሚቶ ወዳጆች

ባሕር ዳር ተቀምጣችሁ ደጅ ወጥቶ ማንጎራጎር ወይም ቀረርቶ ማሰማት የምትወዱ ከሆነ፣ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ለመዝፈን አትድከሙ። በክረምት ማብቂያ ውኃው ሲሞላ የራሳችሁንም ድምፅ አትሰሙትም። እኔ ሞክሬ ያተረፍኩት ሳል ብቻ ነው።

የገደል ማሚቶ የፈለገ ሰው ፊት ለፊቱ ገደል ያስፈልገዋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 170 ሜትር ርቆ የቆመ ገደል የጮኻችሁትን ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመልስላችኋል። ቤዛዊት ኮረብታ ዓባይን ቁልቁል ለማየት ግሩም ነው፤ መላሽ ግን የለውም። መላሹ ያለው ስሜን ተራሮች ላይ ነው፤ እስከ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ እስከ ደባርቅ ሌላ 100 ያህል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ አጣሩ። እዚያ ያለው እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል ጫፍ ከ3,900 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በደረሳችሁበት ቀን አትጩኹ፣ በማግስቱ ይደርሳል። ጭላዳዎች ባሉበት ደግሞ ጨርሶ ዝም በሉ።

ስልቱን ከስዊዘርላንድ እረኞች ዮድል መዋስ ይቻላል፦ ከወፍራሙ የደረት ድምፅ ወደ ቀጭኑ በድንገት መዝለል፣ መልሶም መውረድ። ቃል አያስፈልገውም።

ጉዞው ካልተመቻችሁ ገና ሲነጋ ጣና ዳር ውረዱ። ውኃው ላይ የተኛው ቀዝቃዛ አየር ድምፁን ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ታች ስለሚያጎብጠው ሩቅ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከታንኳ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ «ኧረ ማነህ!» ብሎ መልሶልኛል።