የዜብራ ዓሣ ፅንስ ሲወጋ የሚያርፍበትን ኃይል በብርጭቆ ዘንግ መለካት

በማሽን የሚነዳ መርፌ የዜብራ ዓሣን ፅንስ ሽፋን በጥሶ ለመግባት በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮኒውተን (የኒውተን ሚሊዮንኛ፤ የኃይል መለኪያ) ይፈልጋል። ይህን ለመለካት ውድ ሴንሰር የግድ አይደለም። ፅንሱ ውኃ ባለበት ሳህን ወለል ላይ ሆኖ ከጀርባው ቀጭን የብርጭቆ ዘንግ ከላይ ወደ ታች ይቆማል፤ መርፌው ከፊት ሲገፋ ዘንጉ ይጎብጣል፤ ካሜራው ጉብጠቱን ያነባል።

ዘንጉ ቦሮሲሊኬት (ሙቀት የሚቋቋም የላብራቶሪ ብርጭቆ) ሆኖ 0.2 ሚሊሜትር ይወፍር፣ ከመያዣው 10 ሚሊሜትር ይውጣ። በስሌት ጫፉ ላይ አንድ ማይክሮሜትር ለማጉበጥ 15 ማይክሮኒውተን ገደማ ይጠይቃል። በስሌቱ ላይ ግን አትመኩ፤ በውፍረቱ ላይ 5 በመቶ ብትሳሳቱ ውጤቱ በ20 በመቶ ገደማ ይዛባል።

ስለዚህ 0.1 ሚሊግራም የሚያነብ የላብራቶሪ ሚዛን ላይ ምላጭ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አቁሙና ዜሮ አድርጉ። ዘንጉን አግድም ይዛችሁ፣ ከጫፉ 0.5 ሚሊሜትር ገባ ያለው ቦታ ስለቱን እስኪነካ በማይክሮማኒፑሌተር (በማይክሮሜትር ደረጃ በሚያንቀሳቅስ መያዣ) አውርዱት። ከዚያ በ10 በ10 ማይክሮሜትር እስከ 60 ድረስ እየገፋችሁ ንባቡን ጻፉ፤ ሚሊግራሙ በ9.81 ሲባዛ ማይክሮኒውተን ይሆናል። እየመለሳችሁም አንብቡ። የመሄጃውና የመመለሻው መስመር ካልተደራረበ መያዣው ላይ ዘንጉ እየተንሸራተተ ነው።

0.5 ሚሊሜትሩን ችላ እንዳትሉት። ፅንሱ ከነሽፋኑ 1.2 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ዘንጉን የሚነካው ከወለሉ 0.6 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ነው፤ የዘንጉ ጫፍ ደግሞ ከወለሉ 0.1 ይርቃል። ሚዛኑ ላይ በጫፉ ብትገፉ ኃይሉን ወደ 14 በመቶ አሳንሳችሁ ታነባላችሁ። ካሜራውንም በዚያው ከፍታ ላይ አነጣጥሩ።

የሳህኑ ወለል 1.5 በመቶ አጋሮዝ (ከባሕር አረም የሚሠራ ለስላሳ ጄል) ይሁን፤ ሻካራ ወለል ላይ ሰበቃው የኃይሉን ከፊል ይበላል፣ ዘንጉም ጋ አይደርስም። ዘንጉ ውኃውን በሚሰነጥቅበት ቦታ የውኃው ገጽ እስከ 45 ማይክሮኒውተን ሊስበው ይችላል። ስበቱ በአብዛኛው ወደ ታች ቢሆንም ከሳህኑ ግድግዳ አጠገብ ወደ ጎን ያዘነብላል። ዘንጉን መሃል ላይ አቁሙት፣ ውኃው ስለሚተንም ለእያንዳንዱ ፅንስ ዜሮውን አድሱ።

መርፌውን በሴኮንድ 200 ማይክሮሜትር ንዱት፣ ካሜራው በሴኮንድ 100 ፍሬም ያንሳ። ኃይሉ እየጨመረ ሄዶ ድንገት ይወድቃል፤ ከመውደቁ በፊት ያለው ጫፍ የመብሻው ኃይል ነው። ማሽኑ በሁለት ፍሬም ውስጥ ኃይሉ በሲሶ ከቀነሰ ቀጥ እንዲል እዘዙት። ኃይሉ ከተለመደው በአንድ ተኩል እጥፍ አልፎ ካልወደቀ መርፌው ዱልዱም ነውና ይመለስ፤ ይቀየር። ሽፋኑ ከማዳበር በኋላ እየጠነከረ ስለሚሄድ እኩል ዕድሜ ያላቸውን ፅንሶች ብቻ አወዳድሩ።

ሽፋኑ ሲበሳ የጎበጠው ዘንግ ተመልሶ ፅንሱን ወደ መርፌው ይገፋዋል፤ በ600 ማይክሮኒውተን ይህ ወደ 35 ማይክሮሜትር ነው። የተጨመቀው ሽፋንም ስለሚነፋ መርፌው ካሰባችሁት በላይ ጠልቆ አስኳሉን ይቀድዳል። ማሽኑ በቆመበት ቅጽበት ቢያንስ ያንን ያህል ወደ ኋላ ይሳብ፤ በመርፌው የሚሰጠው መድኃኒት የሚረጨው ከዚያ በኋላ ነው።